የቤዝቦል የውጭ ሜዳ ተጫዋችን የሙያ ዘመን ከአዲስ አበባ ሆኖ ለማንበብ

ቤዝቦል በአዲስ አበባ የስፖርት ወሬ ውስጥ እምብዛም ቦታ የለውም። ከስታዲየም ዙሪያ እስከ ፒያሳ ባሉት ካፌዎች የሚሰማው ክርክር ስለ እንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግና ስለ ሸገር ደርቢ ነው። ይሁን እንጂ በዋሽንግተንና በሲያትል ዘመድ ያለው የከተማችን ነዋሪ ብዙ በመሆኑ፣ እዚያ ያደጉ የእኅትና የወንድም ልጆች ለክረምት ሲመጡ ስማቸውን የሚያነሷቸውን ተጫዋቾች ማወቅ የሚፈልግ፣ ወይም ለሬዲዮ የስፖርት ዝግጅት የአንዱን ተጫዋች ታሪክ በአማርኛ እንዲጽፍ የታዘዘ ሰው አይጠፋም። ይህ መመሪያ የተዘጋጀው ለእንዲህ ዓይነቱ አንባቢ ሲሆን፣ የሚያተኩረውም በአንድ የጨዋታ ቦታ፣ በውጭ ሜዳ ተጫዋች ላይ ብቻ ነው።

የውጭ ሜዳ ተጫዋች ሥራ ከሁለት የተከፈለ ነው። ተራው የክለቡ ሲሆን ዱላ ይዞ ይመታል፤ ተራው የተጋጣሚ ሲሆን ደግሞ ከመቺው እጅግ ርቆ በሣሩ ላይ ይቆማል። የመጀመሪያው ሥራ በቁጥር ተትረፍርፎ የተመዘገበ ሲሆን ሁለተኛው ብዙውን ጊዜ ከመዝገብ ያመልጣል። በኢንተርኔት የሚገኘውን የአንድ ተጫዋች ሰንጠረዥ የሚከፍት አንባቢ ዓይኑ መጀመሪያ የሚያርፈው በመጨረሻው መስመር፣ ማለትም በጠቅላላው ድምር ላይ ነው። በእኔ እምነት ድምሩ መታየት ያለበት መጨረሻ ላይ ነው። የተጫዋቹን ታሪክ የሚያወጣው ዓመቶቹን አንድ በአንድ እየወረዱ በእያንዳንዱ ዓመት ሦስት ነገሮችን መጠየቅ ነው፦ በየትኛው የሜዳ ክፍል ቆመ፣ ወደ ቤዝ የደረሰው በምን መንገድ ነው፣ በዚያ ጊዜስ በክለቡ ቁጥጥር ሥር ነበር ወይስ ቀጣሪውን የመምረጥ መብት ነበረው?

ሜዳውን በእርምጃ መለካት

ሰንጠረዡን ከመክፈትዎ በፊት የሜዳውን ስፋት በአካል ቢያውቁት ይመረጣል። በቤዝቦል አራት ቤዞች በካሬ ቅርጽ ይቀመጣሉ፤ ከአንዱ ቤዝ እስከ ሌላው ያለው ርቀት 27.43 ሜትር ነው። መቺው ከአራተኛው ቤዝ አጠገብ ይቆማል፣ ኳሱን ከመታ በኋላም ቤዞቹን እየዞረ ይሮጣል፤ ወርዋሪው ደግሞ ከእርሱ 18.44 ሜትር ርቆ ኳሱን ይወረውርለታል። ከካሬው ባሻገር እስከ አጥሩ ድረስ ያለው ሰፊ ሣር የሚጠበቀው በሦስት ሰዎች ብቻ ሲሆን፣ እነርሱም የግራ፣ የመሐልና የቀኝ ውጭ ሜዳ ተጫዋቾች ናቸው። አጥሩ በሁለቱ ዳር መስመሮች በኩል አብዛኛውን ጊዜ ወደ 100 ሜትር፣ በመሐል በኩል ደግሞ ወደ 122 ሜትር ይርቃል። አንድ ማለዳ ሯጮቹ ሳይበዙ መስቀል አደባባይ ይሂዱና ከአንድ ነጥብ ተነሥተው በመደበኛ እርምጃ ይቁጠሩ፤ በ36 እርምጃ ገደማ ከአንድ ቤዝ ወደ ሌላው ይደርሳሉ፣ ወደ መሐሉ አጥር ለመድረስ ግን 160 ያህል እርምጃ ያስፈልግዎታል። መደበኛ የእግር ኳስ ሜዳ 105 ሜትር ስለሚረዝም፣ መቺው በአንዱ ግብ መስመር ላይ ቢቆም የመሐሉ አጥር ከማዶው ግብ ጀርባ 17 ሜትር አልፎ ይገኛል ማለት ነው።

በቅርብ ዓመታት በሜጀር ሊግ፣ ማለትም በሰሜን አሜሪካ ከፍተኛው የቤዝቦል ውድድር፣ ሜዳዎች በተተከሉ መሣሪያዎች ሲለካ፣ የአንድ አማካይ ተጫዋች የሩጫ ፍጥነት በሰከንድ 8.2 ሜትር ያህል፣ የፈጣኖቹ ደግሞ 9.1 ሜትርና ከዚያ በላይ ነው። ከፍ ብሎ የተመታ ኳስ በአየር ላይ አራት ወይም አምስት ሰከንድ ቢቆይ፣ በሁለቱ ሯጮች መካከል የሚፈጠረው የጥቂት ሜትር ልዩነት ኳሱ በጓንት ውስጥ በመግባቱና በሣር ላይ በማረፉ መካከል ያለው ልዩነት ነው። ስለዚህ ግራና ቀኙን የሚያካልለው የመሐሉ ተጫዋች አብዛኛውን ጊዜ ከሦስቱ ፈጣኑ ነው። ከቀኝ ውጭ ሜዳ እስከ ሦስተኛው ቤዝ ያለው ውርወራ ረጅም በመሆኑ ቀኙ ለጠንካራ ክንድ ይሰጣል። ግራው የሚተርፈው ብዙ ጊዜ ዱላው ከእግሩና ከክንዱ ለሚበልጥ ሰው ነው።

ይህን ካወቁ በኋላ ስለ ክንድ የሚነገሩ ታሪኮች ትርጉም ያገኛሉ። ኢቺሮ ሱዙኪ ከጃፓን ወደ ሲያትል ማሪነርስ በመጣበት ዓመት፣ እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 11 ቀን 2001 በኦክላንድ በተደረገ ጨዋታ፣ ቴረንስ ሎንግ የተባለ ሯጭ ከአንደኛው ቤዝ ተነሥቶ ወደ ሦስተኛው ሲሮጥ ኢቺሮ ከቀኝ ውጭ ሜዳ ኳሱን አንሥቶ በአንድ ቀጥተኛ ውርወራ ከሯጩ በፊት ሦስተኛው ቤዝ ላይ አደረሰው። የሲያትል ደጋፊዎች እስከ ዛሬ የሚያወሱት ይህ ውርወራ በመዝገብ ላይ ያለው ዋጋ ግን አንድ «አሲስት»፣ ማለትም ሯጭን ከጨዋታ ለማስወጣት የረዳ ውርወራ፣ ብቻ ነው። ከዚህም የከፋው፣ አሲስት የተባለው ቁጥር ራሱ አሳሳች መሆኑ ነው፤ ክንዱ የሚፈራ ተጫዋች ሯጮች ስለማይደፍሩት አሲስቱ ሊቀንስ ይችላል፣ የሚናቅ ክንድ ያለው ደግሞ ብዙ ሰው ስለሚሮጥበት ብዙ አሲስት ሊሰበስብ ይችላል። የስሕተት ቁጥርም እንዲሁ ነው፤ ኳሱ ዘንድ ያልደረሰ ተጫዋች ስሕተት አይመዘገብበትም። ስለዚህ አንድ የውጭ ሜዳ ተጫዋች በዓመት ሁለት ስሕተት ብቻ መሥራቱን ሲያነቡ «ጥሩ ተከላካይ ነው» ብለው ለመጻፍ አይቸኩሉ፤ በዚያ ዓመት ስንት ኳስ እንደያዘና በየትኛው ክፍል እንደቆመ አስቀድመው ይመልከቱ።

የሜዳውን ክፍል የሚያሳየው ዓምድ በሰንጠረዡ ዳር የተጣለ ቢመስልም እኔ መጀመሪያ የማነበው እርሱን ነው። ብዙ ተጫዋቾች በወጣትነታቸው መሐል ላይ ይጀምራሉ፤ እግራቸው ሲከብድ ወደ ዳር ይወጣሉ፤ ከዚያም ወደ አንደኛው ቤዝ ወይም መከላከል ሳይጠበቅበት ብቻ ወደሚመታው ሰው ቦታ ይሸጋገራሉ። ሽግግሩ የተደረገበት ዓመት ስለ ጉዳትና ስለ ዕድሜ ከማንኛውም መግለጫ የበለጠ ይናገራል። ብራይስ ሃርፐር እ.ኤ.አ. በ2010 በወጣቶች ምርጫ በዋሽንግተን ናሽናልስ በአንደኛ ተራ የተመረጠው የኳስ ተቀባይ፣ ማለትም ከመቺው ጀርባ ሆኖ የወርዋሪውን ኳስ የሚይዝ ተጫዋች፣ ሆኖ ሳለ ነው፤ ክለቡ ወደ ውጭ ሜዳ አወጣው፣ ዓመታት አልፈው ለፊላደልፊያ ሲጫወት ደግሞ የክርን ቀዶ ሕክምና ካደረገ በኋላ በ2023 አንደኛው ቤዝ ላይ ቆመ። ኢቺሮ በአንጻሩ የተለመደውን መንገድ ለአጭር ጊዜ ገልብጦታል፤ በ2006 ማብቂያ ገደማ ከቀኝ ወደ መሐል ገባ፣ 2007ን በመሐል አሳለፈ፣ በ2008 ወደ ቀኝ ተመለሰ።

በዚሁ አጋጣሚ ለምርጥ ተከላካዮች ስለሚሰጠው የወርቃማው ጓንት ሽልማት አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ሽልማቱ የተጀመረው በ1957 ሲሆን፣ ከ1961 እስከ 2010 ድረስ ሜጀር ሊግ ከሚከፈልባቸው ሁለት ሊጎች (አሜሪካን ሊግና ናሽናል ሊግ) ለእያንዳንዱ ሦስት የውጭ ሜዳ ተጫዋቾች ክፍላቸው ሳይለይ ይመረጡ ነበር። በመሆኑም ሦስቱም ተሸላሚዎች የመሐል ተጫዋቾች የሚሆኑበት ዕድል ነበረ፤ የግራ ተጫዋቾችም ከውድድሩ ይገፉ ነበር። ከ2011 ወዲህ ግን ግራ፣ መሐልና ቀኝ ለየብቻ ይሸለማሉ። የ1980ዎቹን የግራ ተጫዋች ከዛሬው ጋር በጓንት ብዛት የሚያወዳድር ጸሐፊ ፍርዱን ከመነሻው አዛብቷል።

ሁለት ተጫዋቾች በ2004

መምታትን በተመለከተ አዲስ አንባቢ ሁሉ የሚይዘው የምት አማካይን ነው። ስሌቱ ቀላል ነው፦ መቺው በራሱ ምት ወደ ቤዝ የደረሰባቸው ጊዜያት፣ ማለትም ሂቶቹ፣ ለመምታት በቀረበባቸው ጊዜያት ይካፈላሉ። ችግሩ ያለው ከስሌቱ ውጭ በቀረው ነገር ላይ ነው። ወርዋሪው ከተፈቀደው ክልል ውጭ አራት ጊዜ ከወረወረ መቺው በነፃ ወደ አንደኛው ቤዝ ይሄዳል፤ ይህም ዎክ ይባላል፤ ዎክ ግን በምት አማካይ ውስጥ ከላይም ከታችም አይቆጠርም። ልዩነቱን ለማየት እ.ኤ.አ. በ2004 የተጫወቱ ሁለት የውጭ ሜዳ ሰዎችን፣ የሲያትሉን ኢቺሮንና የሳን ፍራንሲስኮውን የግራ ተጫዋች ባሪ ቦንድስን፣ ጎን ለጎን ማስቀመጥ ይበቃል።

ኢቺሮ በዚያ ዓመት 704 ጊዜ ቀርቦ 262 ሂት መታ፤ ይህም ጆርጅ ሲስለር በ1920 ያስመዘገበውን 257 የሰበረ፣ እስከ አሁንም ያልተደፈረ የአንድ ዓመት ክብረ ወሰን ነው። አማካዩ 0.372 ሆነ። ቦንድስ ደግሞ 373 ጊዜ ብቻ ቀርቦ 135 ሂት መታ፤ አማካዩም 0.362 ነበረ። እስከዚህ ድረስ ኢቺሮ ይበልጣል። አሁን ወደ ቤዝ የመድረስን ምጣኔ እናስላ፤ እዚህ ላይ ሂት፣ ዎክና በኳስ ተመትቶ የማለፍ ዕድል ይደመሩና በዚህ ምጣኔ ለሚቆጠሩት የመቺው ተራዎች ሁሉ ይካፈላሉ። ኢቺሮ ከ262 ሂቱ ላይ 49 ዎክና በኳስ የተመታባቸው 4 ጊዜያት ሲጨመሩለት 315 ይሆናል፤ ይህ ለ760 ሲካፈል 0.414 ይመጣል። ቦንድስ 135 ሂት፣ 232 ዎክና 9 ጊዜ በኳስ መመታት ሲደመሩለት 376 ይሆናል፤ ለ617 ሲካፈል 0.609 ነው። ከዎኮቹም 120ዎቹ ተጋጣሚዎቹ ሆን ብለው የሰጡት፣ «አንተን ከምንወረውርልህ እለፍ» የተባለባቸው ናቸው። በተጨማሪም ከኢቺሮ 262 ሂቶች 225ቱ ወደ አንደኛው ቤዝ ብቻ ያደረሱ ሲሆኑ፣ ቦንድስ ግን 45 ኳስ ከአጥር ውጭ አውጥቷል።

በዚያ ዓመት ለክለቡ የበለጠ የጠቀመው መቺ ቦንድስ እንደነበር ቁጥሩ አያከራክርም። የቦንድስ ስም ከአበረታች መድኃኒት ክስ ጋር አብሮ መነሣቱንና በጋዜጠኞች ድምፅ ለ10 ዓመት ቀርቦ ታላላቆቹ ተጫዋቾች ወደሚከበሩበት የዝና አዳራሽ ሳይገባ መቅረቱን የሚጽፍ ሰው መዝለል የለበትም፤ ሆኖም ጉዳዩን ከስሌቱ ጋር ማደባለቅም አይገባም። ኢቺሮ ደግሞ ከዱላው ውጭ የሩጫና የቀኝ ሜዳ ሥራ ነበረው፤ ቦንድስ በዚያን ጊዜ ዕድሜው 40 የደረሰ የግራ ተጫዋች ነበር። እንግዲህ «ማን ይበልጣል» የሚለውን ከመመለስዎ በፊት ምን እየለኩ እንደሆነ ይወስኑ።

ሌላው ቁጥርን የሚያጣምም ነገር ለአዲስ አበባ ሰው ማስረዳት የማያስፈልገው ከፍታ ነው። የኮሎራዶ ሮኪስ የሚጫወትበት ኩርስ ፊልድ በዴንቨር ከባሕር ወለል 1,600 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛል፤ አየሩ ስስ በመሆኑ የተመታ ኳስ ይርቃል፣ የወርዋሪውም ኳስ በአየር ላይ የመታጠፍ ኃይሉ ይቀንሳል። በዚህ ምክንያት አጥሩ ራቅ ተደርጎ ተተክሏል፤ ይህም የውጭ ሜዳ ተጫዋቹን ተጨማሪ ሣር እንዲሸፍን ያስገድደዋል፣ በመካከሉም ብዙ ሂት ይወድቃል። አዲስ አበባ ከዴንቨር በብዙ መቶ ሜትር ስለምትበልጥ፣ እዚህ ሜዳ ቢሠራ አጥሩን የት እንደሚያቆሙት እንጃ። ለማንኛውም የሮኪስ ተጫዋች ሲገጥምዎ በክለቡ ሜዳና በተጋጣሚዎች ሜዳ የመታውን ለይቶ የሚያሳየውን ክፍል ይክፈቱ። የካናዳዊው ቀኝ ተጫዋች የላሪ ዎከር ጠቅላላ አማካይ 0.313 ሲሆን በኩርስ ፊልድ ብቻ ግን 0.381 ነበር፤ ድምፅ ሰጪዎችም ይህን እየጠቀሱ ለዓመታት አመንትተውበታል። ይሁን እንጂ ኮከብ ተብሎ በተሸለመበት በ1997 ከመታቸው 49 ሆም ራኖች፣ ማለትም ከአጥር ውጭ ከወጡ ምቶች፣ 29ኙ በተጋጣሚዎች ሜዳ የተመቱ ናቸው። ስለዚህ ከፍታው የረዳውን ዓመት ከሌላው የሚለየው ይህ ክፍል ነው፤ «ዴንቨር ስለሆነ ነው» ብሎ ማለፍ ግን ሌላ ስንፍና ነው።

ዓመቶቹና ክፍተቶቹ

በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር ናቸው፤ እርስዎም ሲጽፉ እንዲሁ ቢተዉአቸው ይሻላል። የሜጀር ሊግ መደበኛ ውድድር በመጋቢት አጋማሽ ገደማ ተጀምሮ በመስከረም አጋማሽ አልፎ ስለሚያበቃ፣ በእኛ አቆጣጠር አንዱ የውድድር ዘመን በሁለት ዓመት ይከፈላል፤ የኢቺሮ 262 ሂት ወደ እኛ ቢመለስ የመጨረሻዎቹ ሳምንታት ሂቶች በ1997 ዓ.ም.፣ የቀሩት በ1996 ዓ.ም. ይወድቃሉ። ቀኑን መመለስ ካስፈለገ የአንድ ጨዋታን ቀን ይመልሱ፤ የውድድር ዘመንን ግን አይመልሱ።

ቀጥሎ የጨዋታዎችን ብዛት የሚያሳየውን ዓምድ ይቃኙ። መደበኛው ውድድር ከ1960ዎቹ መጀመሪያ ወዲህ 162 ጨዋታ ነው፤ ከዚያ በፊት ለረጅም ጊዜ 154 ነበር። ቁጥሩ ድንገት ካነሰ ምክንያቱን ይፈልጉ፤ ሁልጊዜ ጉዳት አይደለም። በ1994 ተጫዋቾቹ የሥራ ማቆም አድማ በመምታታቸው ውድድሩ በኦገስት ተቋረጠ፤ የሳን ዲዬጎው ቶኒ ግዊን በዚያ ቀን አማካዩ 0.394 ላይ ነበር፣ ወደ 0.400 ይደርስ እንደሆነም ሳይታወቅ ቀረ። በ2020 በኮሮና ምክንያት የተደረገው 60 ጨዋታ ብቻ ነው፤ ሁዋን ሶቶ በናሽናል ሊግ በ0.351 አንደኛ የሆነው በ47 ጨዋታ ነው፤ ስለዚህ ይህን ከሙሉ ዓመት እኩል አድርጎ መጻፍ አንባቢን ያሳስታል። የወታደርነት ዓመታትም አሉ። ቴድ ዊሊያምስ ከ1943 እስከ 1945 ሦስት ሙሉ ዓመት፣ ከዚያም የ1952ንና የ1953ን አብዛኛውን ክፍል በጦር ኃይል አሳልፏል፤ ዊሊ ሜይስም የ1952ን አብዛኛውን ጊዜና 1953ን በሙሉ አጥቷል። ባዶ የሆነው መስመር በሰንጠረዡ ላይ ላይታይ ስለሚችል፣ ዓመቶቹ ተከታታይ መሆናቸውን በጣትዎ እየወረዱ ያረጋግጡ።

ሜይስን ካነሣን አይቀር፣ በአንዳንድ ምንጭ 3,283 ሂት፣ በሌላው 3,293 ተብሎ ቢያገኙ አንዱ የተሳሳተ ነው ብለው አይደምድሙ። ጥቁር ተጫዋቾች ከሜጀር ሊግ ተከልክለው በነበረበት ዘመን የተቋቋሙት የኔግሮ ሊጎች በ2020 መጨረሻ የሜጀር ሊግ ደረጃ እንዳላቸው ታወቀላቸው፣ ቁጥራቸውም በ2024 በይፋው መዝገብ ውስጥ ተካተተ፤ ሜይስ በ1948 ለበርሚንግሃም ብላክ ባረንስ የመታቸው 10 ሂቶች ያኔ ተጨመሩለት። የጃፓን ሊግ ግን በዚህ መዝገብ ውስጥ አይገባም። ኢቺሮ በጃፓን 1,278፣ በአሜሪካ 3,089፣ በድምሩ 4,367 ሂት አለው። ወደ ሲያትል ሲመጣ ዕድሜው 27 ነበር፤ በጃፓኑ ፓሲፊክ ሊግ ለሰባት ተከታታይ ዓመታት በምት አማካይ አንደኛ ከሆነ በኋላ በአሜሪካ «የዓመቱ አዲስ ተጫዋች» ተብሎ ተሸልሟል። የአሜሪካውን ሰንጠረዥ ብቻ የሚያነብ ሰው የዚህን ተጫዋች ወጣትነት በሙሉ ያጣል።

በክለቡ ቁጥጥር ሥር ወይስ ነፃ

የእግር ኳስ ተመልካች በዚህ ላይ ግር ሊለው ይችላል፤ በሜጀር ሊግ ክለቦች ተጫዋችን በተጫዋች ይለዋወጣሉ እንጂ እንደ አውሮፓ የዝውውር ዋጋ ከፍሎ መግዛት የተለመደ አይደለም፤ ተጫዋቹም አብዛኛውን ጊዜ አይጠየቅም። ወደ ሙያው የሚገባበት በር ሁለት ነው። አሜሪካዊና ካናዳዊ ወጣቶች በየዓመቱ በሚካሄደው ምርጫ፣ በድራፍት፣ ለክለቦች ይከፋፈላሉ፤ እንደ ዶሚኒካን ሪፐብሊክ ካሉ አገሮች የሚመጡት ከ16 ዓመታቸው ገደማ ጀምሮ በቀጥታ ይፈርማሉ። ከዚያ በኋላ ከሜጀር ሊግ በታች ባለው በማይነር ሊግ ከታችኛው ደረጃ እስከ ከፍተኛው፣ እስከ ትሪፕል ኤ፣ መውጣት አለ፤ አብዛኛው ሰው ጉዞው የሚያበቃው በዚያው ነው። ሜጀር ሊግ የደረሰ ተጫዋች 172 ቀን በዝርዝሩ ላይ ሲቆይ አንድ የአገልግሎት ዓመት ይቆጠርለታል። ሦስት ዓመት እስኪሞላው በአብዛኛው በዝቅተኛው ደመወዝ አካባቢ ይከፈለዋል፤ ዝቅተኛው በ2025 በዓመት 760,000 ዶላር ነበር። ከሦስት ዓመት በኋላ ደመወዙን በገላጋይ ዳኞች ፊት መከራከር ይችላል፤ ስድስት ዓመት ሲሞላው ነፃ ይሆናል፣ ማንንም ክለብ ይመርጣል።

ይህን ሰሌዳ በሁዋን ሶቶ ታሪክ ላይ ያስቀምጡትና ሁሉም ነገር በየቦታው ሲገባ ያያሉ። በ2015 በ16 ዓመቱ ከዶሚኒካን ሪፐብሊክ ለዋሽንግተን ናሽናልስ ፈረመ፤ በ2018 በ19 ዓመቱ ሜጀር ሊግ ደረሰ፤ በሚቀጥለው ዓመት ከክለቡ ጋር «ዎርልድ ሲሪስ» የሚባለውን የሜጀር ሊግ ዋንጫ አነሣ። በ2022 ክለቡ የ15 ዓመት የ440 ሚሊዮን ዶላር ውል አቅርቦለት እንዳልተቀበለ ተዘገበ፤ ነፃ የሚሆንበት ጊዜ እየቀረበ ስለነበር ናሽናልስ ባዶ እጁን ከመቅረት በማለት በኦገስት 2022 ወደ ሳን ዲዬጎ ለወጠው። ሳን ዲዬጎም በ2023 መጨረሻ ለኒውዮርክ ያንኪስ አሳልፎ ሰጠው። የነፃነቱ ዓመት ሲደርስ በዲሴምበር 2024 ከኒውዮርክ ሜትስ ጋር ለ15 ዓመት በ765 ሚሊዮን ዶላር ተስማማ። ክለብ ሲቀያይር ያየ ሰው «የማይረጋጋ ተጫዋች» ሊል ይችላል፤ ነገር ግን ከሦስቱ ለውጦች ሁለቱ የእርሱ ምርጫ አልነበሩም። ነፃ ሆኖ የመረጠው ክለብ ሲቀጥረው ገና 26 ዓመቱ ነበር፤ የውሉ ርዝመት የመጣው ከዚህ ዕድሜ ነው።

10 የአገልግሎት ዓመት ያለውና የመጨረሻዎቹን አምስት በአንድ ክለብ ያሳለፈ ተጫዋች ያለ ፈቃዱ ሊለወጥ እንደማይችልም ይያዙ። ኢቺሮም ይህ መብት ነበረው፤ በ2012 ወደ ያንኪስ የሄደው ግን ለውጡን ራሱ ጠይቆ ነው።

የማሽቆልቆያው ዓመታት

የተጫዋችን ታሪክ የሚጽፉ ብዙዎች ከክብሩ ጫፍ ዘልለው ወደ ጡረታው ይሄዳሉ። የኢቺሮ መስመር ከ2001 እስከ 2010 በየዓመቱ ከ200 ሂት በላይ፣ በየዓመቱም ወርቃማ ጓንት ያሳያል፤ በ2011 ሂቱ ወደ 184፣ አማካዩ ወደ 0.272 ወረደ፣ ጓንቱም ቆመ። ከዚያ በኋላ በያንኪስና በማያሚ ማርሊንስ ቀስ በቀስ ተጠባባቂ ሆነ፤ 3,000ኛውን የአሜሪካ ሂቱን ኦገስት 7 ቀን 2016 በዚያው በዴንቨር ሦስተኛው ቤዝ በሚያደርስ ምት አስመዘገበ። በማርሊንስ ዓመታቱ የወርዋሪዎች መዝገብ ላይ ስሙን ካገኙ አይደንግጡ፤ በ2015 የመጨረሻ ጨዋታ አንድ ኢኒንግ (ጨዋታው ከሚከፈልባቸው ዙሮች አንዱን) ወርውሯል፣ አንድ ነጥብም ተቆጥሮበታል። ማርች 21 ቀን 2019 በቶኪዮ ዶም ለሲያትል ተሰልፎ ሙያውን አበቃ። ከ2011 እስከ 2019 ያሉት ዓመታት ጠቅላላ አማካዩን ወደ 0.311 አውርደውታል፤ 3,000ኛው ሂት የመጣው ግን ከእነርሱ ነው። ድምሩን ብቻ ያነበበ ሰው ይህን አያየውም።

የዝና አዳራሹን በተመለከተ፣ ተጫዋቹ ሙያውን ካቆመ አምስት ዓመት ማለፍ አለበት፤ ከድምፅ ሰጪ ጋዜጠኞች 75 በመቶውን ማግኘት ይጠበቅበታል፤ በድምፅ መስጫው ወረቀት ላይ ሊቆይ የሚችለውም ቢበዛ 10 ዓመት ነው። ኢቺሮ በ2025 በመጀመሪያ ዓመቱ ከ394 ድምፅ 393ቱን አግኝቶ ገባ፤ ዎከር በ2020 በመጨረሻው፣ በ10ኛ ዓመቱ፣ 75 በመቶን በጥቂቱ አልፎ ገባ። ሮቤርቶ ክሌመንቴ ግን ዲሴምበር 31 ቀን 1972 በመሬት መንቀጥቀጥ ለተጎዳው የኒካራጓ ሕዝብ እርዳታ ሲያደርስ በአውሮፕላን አደጋ ስለሞተ የመጠበቂያው ጊዜ ተነሥቶለት በ1973 ተመርጧል። ስለዚህ «በመጀመሪያ ዓመቱ ተመረጠ» ወይም «በአሥረኛው» የሚለውን ሲጽፉ ምክንያቱን አብረው ይጻፉ።

በቀጥታ ለማየት

ከንባቡ በኋላ አንድ ሙሉ ጨዋታ ማየት ያስፈልጋል። በውድድሩ ወራት አዲስ አበባ ከዋሽንግተንና ከኒውዮርክ በ7 ሰዓት፣ ከሲያትል በ10 ሰዓት ትቀድማለች። በዋሽንግተን ከምሽቱ 1 ሰዓት ላይ የሚጀመር ጨዋታ እዚህ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ነው፤ የሲያትሉ ደግሞ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ስለሚጀምር ለማለዳ ተነሺ ይመቻል። ሁለቱም ሲጀመሩ እዚህ ቀኑ ተቀይሯል፤ በዜና ላይ የጨዋታውን ቀን ሲጽፉ የአሜሪካውን ይጠቀሙ። ለሠራተኛ ሰው የሚሻለው የእሑድ ቀን ጨዋታ ነው፤ የዋሽንግተኑ እዚህ ከምሽቱ 2 ሰዓት ተኩል ገደማ፣ የሲያትሉ ደግሞ ከምሽቱ 5 ሰዓት በኋላ ይጀምራል።

የቴሌቪዥኑ ዋና ካሜራ የሚተከለው ከመሐል ውጭ ሜዳ ባሻገር ሆኖ ወርዋሪውንና መቺውን ፊት ለፊት እንዲያሳይ ስለሆነ፣ ሦስቱ የውጭ ሜዳ ተጫዋቾች አብዛኛውን ጊዜ ከምስሉ ውጭ ናቸው፤ የሚታዩት ኳሱ ወደ እነርሱ ሲበር ብቻ ነው፣ ያኔም ሩጫው እኩሌታው አልቋል። በመሆኑም ካሜራው ሰፋ አድርጎ በሚያሳይባቸው አጫጭር ቅጽበቶች፣ በተለይ መቺ በሚቀየርበት ጊዜ፣ የሚከታተሉት ተጫዋች የት እንደቆመ ያስተውሉ፤ ለአንዱ መቺ ወደ አጥሩ ይሸሻል፣ ለሌላው ወደ መስመሩ ይጠጋል። ድጋሚ ምስል ሲያሳዩ ደግሞ ዱላው ኳሱን በነካበት ቅጽበት የወሰደውን የመጀመሪያ እርምጃ ይመልከቱ፤ ወደ ፊት ወይስ ወደ ኋላ፣ ቀጥታ ወይስ ዞሮ? የመሐሉና የግራው ተጫዋች በአንድ ኳስ ላይ ሲገናኙ ቅድሚያው የመሐሉ ስለሆነ፣ ማን ጮኾ እንደጠራና ማን እንደተወለት ያያሉ። ይህን ለሁለት ወይም ለሦስት ኢኒንግ ካስተዋሉ በኋላ ወደ ሰንጠረዡ ተመልሰው የሜዳውን ክፍል የሚያሳየውን ዓምድ እንደገና ይክፈቱት።